አዲስ አበባ ዙሪያ ሆኖ ደካማ አፈርንና አቀንጭራን የሚቋቋም በቆሎ ማዳቀል

በሆለታ፣ በሰበታ፣ በአቃቂ ወይም በዱከም በኩል ጥቂት መሬት ይዞ በቆሎ ለማዳቀል የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም የሥራውን ግማሽ በገዛ ማሳው ላይ ሊሠራው እንደሚችል፣ ሌላውን ግማሽ ግን እዚያ ፈጽሞ ሊሠራው እንደማይችል ነው። ናይትሮጅን ያነሰውና አሲዳማነት የበዛበት አፈር ከከተማዋ ብዙ ሳይርቁ ይገኛል። አቀንጭራ ግን የሞቃት አገር አረም በመሆኑ በወሎ፣ በመተከል፣ በአሶሳ፣ በሐረርጌና በመሳሰሉት ቆላማና ወይና ደጋማ አካባቢዎች ማሽላንና በቆሎን ያጠቃል እንጂ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሆለታ ብርድ ውስጥ አይለማም። ይህን ያላጤነ አዳቃይ ወይ አቀንጭራ በሌለበት ማሳ ላይ «ተቋቋመልኝ» ብሎ የሚደሰትበት በቆሎ ይዞ ይቀራል፣ ወይም ከዚያ የከፋውን አድርጎ የአረሙን ዘር ወደማያውቀው አገር ያጓጉዛል። ስለዚህ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው መመሪያ የትኛው ሥራ የት መሠራት እንዳለበት እየለየ የሚሄድ ነው።

ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበት ቦታ

አቀንጭራ ከበቆሎ ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃና ምግብ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ዘሩ ከአቧራ የማይለይ ደቃቅ ሲሆን፣ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በእርጥበትና በሙቀት ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ከተሰናዳ በኋላ እንኳ በራሱ ጊዜ አይበቅልም፤ የሚበቅለው በአቅራቢያው ያለ ሥር የሚያመነጨው ስትሪጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ሲደርሰው ነው። በቆሎ ይህን ኬሚካል የሚያመነጨው በተለይ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲያጥረው፣ ከሥሩ ጋር ተጣምረው ምግብ የሚያቀብሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለመሳብ ነው፤ አቀንጭራ ለሌላ የተላከውን ጥሪ ጠልፎ እንደሚሰማ ጎረቤት ነው ቢባል ያስኬዳል። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ጥሪው ይበረታል፣ አረሙ ይበዛል፣ የተራበው በቆሎም ጥቃቱን የሚሸከምበት አቅም ያንሰዋል። ከዚህም በላይ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው የአቀንጭራው ሐምራዊ አበባ ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ነው፤ ገበሬው አረሙን ሲያየው በቆሎው ከተጎዳ ሳምንታት አልፈዋል። ጥገኛ አረምን ብቻ ነጥሎ፣ ማዳበሪያ በጠገበ ማሳ ላይ የሚመርጥ አዳቃይ የሚያገኘው ውጤት ገበሬው ማሳ ሲደርስ የማይጸናው በዚህ ምክንያት ነው።

ወላጅ ከመምረጥ በፊት ደግሞ የምንፈልገው ምን ዓይነት በቆሎ እንደሆነ በግልጽ መወሰን አለበት። አንዳንድ በቆሎ አረሙን ይከላከላል፤ ማለትም ሥሩ ላይ የሚበቅለውና የሚጣበቀው አቀንጭራ ጥቂት ነው። ሌላው በቆሎ ግን አረሙን ይችላል፤ ማለትም እንደ ሌላው ሁሉ ብዙ አቀንጭራ ይበቅልበትና ጥሩ ምርት ይሰጣል። ገበሬው በአንድ ወቅት ብቻ ካየው ሁለቱም ያው ናቸው። አረሙን የሚችል እንጂ የማይከላከል በቆሎ ግን በየዓመቱ አቀንጭራን አጥግቦ ዘር ያስጥላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማሳው ምንም ዓይነት በቆሎ የማይወጣበት ይሆናል፣ የጎረቤቱም ማሳ አብሮ ይበከላል። በእኔ እምነት መቻል ብቻውን ያለውን ዝርያ ለገበሬ ማሰራጨት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል፤ ሁለቱ ባሕርያት አብረው መመረጥ አለባቸው።

ይህ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከሆለታ አልፎ በአምቦ መንገድ ላይ ባለችው በኦሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን በሚከላከሉ የማሽላ ዝርያዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የእርሳቸው ማሽላ ዋና ብልሃት የአረሙን ዘር የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል ማሳነሱ ነበር፤ ይህን የሚያደርገው ዘረመልም እ.ኤ.አ. በ2017 ተለይቶ ታውቋል። በበቆሎ ላይ ተመሳሳይ መንገድ እንዳለ፣ ይኸውም ሥሩ የሚያመነጨው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ሲለወጥ አረሙ በብዛት እንደማይበቅል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። ያም ሆኖ ዛሬ በእጅ ላይ ያለው የበቆሎ የመከላከል ባሕርይ በብዙ ትናንሽ ዘረመሎች የሚገዛ በመሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ማዳቀል ተገኝቶ የሚያልቅ ሳይሆን ትውልድ በትውልድ እየተመረጠ የሚጠራቀም ነው።

ወላጆች

አዳቃዩ በመጀመሪያ ዝርያው ለማን እንደሆነ ይወስን። ለሆለታና ለመናገሻ ቀይ አፈር የሚሆን በቆሎና ለፓዌ ወይም ለቆቦ የሚሆን በቆሎ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። የመጀመሪያው ብርድን፣ ረጅም የዕድገት ወቅትንና የኅዳርን ውርጭ ማለፍ አለበት፤ ሁለተኛው በሙቀት ፈጥኖ የሚደርስ መሆን ይኖርበታል። ሁለቱን በአንድ ዝርያ ለመያዝ የሚደረገው ሙከራ ዓመታትን ይበላል እንጂ ለአንዳቸውም አይሆንም።

ለደጋው የሚሠራ ሰው በአምቦ የደጋ በቆሎ ፕሮግራም የወጡትን እንደ አርገኔ፣ ወንጪና ጅባት ያሉ ድቅሎችን፣ እንዲሁም እንደ ኩለኒ ያለውን በነፃ የሚዳቀል ዝርያ መነሻ ሊያደርግ ይችላል። በየሰዉ ጓሮ ለእሸት ተብሎ ከዓመት ዓመት የሚዘራውም በቆሎ አይናቅ፤ ምርቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ብርድና ዝናብ የፈተነው ነው። አቀንጭራ ላለበት አገር የሚሠራ ሰው ግን በአንድ በኩል ከባኮ የበቆሎ ምርምር ማዕከል የወጡትን እንደ ቢኤች 660 እና ቢኤች 661 ያሉ የወይና ደጋ ዝርያዎች፣ በሌላ በኩል ናይጄሪያ ኢባዳን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ኢንስቲትዩት የተመረጡትን አቀንጭራ ተከላካይ መስመሮች፣ ማለትም በራሳቸው እየተዳቀሉ የጠሩ የዘር ሐረጎች፣ ይፈልጋል። ከእነዚህ መስመሮች መካከል የመከላከል ባሕርዩን ከበቆሎ የዱር ዘመድ የወረሰም አለ። የውጭ ዘር በሻንጣ አይመጣም፤ በዝርያ ማስተላለፊያ ስምምነትና በዕፅዋት ኳራንታይን በኩል ያልፋል። ጉርድ ሾላ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ ውስጥ ያለው የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ቢሮና የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት መንገዱን ያውቁታል፤ በግል ከመድከም ከአንዱ ማዕከል ተመራማሪ ጋር ተባብሮ መሥራት ይሻላል።

የምዕራብ አፍሪካው በቆሎ ሆለታ ላይ ሲዘራ እጅግ ዘግይቶ ያብባል፣ ዋግና ቅጠል አድራቂ በሽታም ያነሣዋል። ስለዚህ የማዳቀያው ማሳ ቢቻል 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በቢሾፍቱና በዱከም በኩል፣ ከተቻለም ዝቅ ብሎ በመልካሳ አቅጣጫ ቢሆን ይመረጣል። ዘግይቶ የሚያብበው ወላጅ አስቀድሞ ይዘራል፤ ቶሎ የሚያብበው ደግሞ በ10 ቀን ልዩነት ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከፋፍሎ ይዘራል፤ አለዚያ የአንዱ ብናኝ ሲያልቅ የሌላው ጸጉር ገና አይወጣም።

ድቅል ወይስ በነፃ የሚዳቀል ዝርያ የሚለውን ጥያቄ ብዙ ማስረዘም አያስፈልግም። ድቅል የበለጠ ያመርታል፤ ነገር ግን ንፁህ ወላጅ መስመሮችን ለይቶ ማቆየትና በየዓመቱ ዘር ማምረት ይጠይቃል፣ ገበሬውም በየዓመቱ መግዛት አለበት። በአነስተኛ ማሳ የሚሠራ አዳቃይ ከብዙ ወላጆች የተውጣጣና በየዙሩ የሚሻሻል፣ ገበሬው ከራሱ ማሳ መርጦ ዘር ሊያስቀርበት የሚችል ስብስብ ቢይዝ ይሻለዋል።

ማሳውን ማስራብ

ለናይትሮጅን እጥረት የሚመርጥ ሰው እጥረቱን ራሱ ማዘጋጀት ይኖርበታል። በከተማው ዙሪያ እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ፤ ጓሮ የሚባለው መሬት አመድ፣ እበትና የቤት ጥራጊ ለዓመታት የተደፋበት ስለሆነ ቀዩ መሬት እንኳ በቤት አጠገብ ወፍራም ነው። ከአቃቂ ወንዝ የሚጠጣ ማሳም ከከተማው ፍሳሽ ናይትሮጅን ይዞ ይመጣል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ከቤት የራቀ፣ ፍግ ያልደረሰውና በተቻለ መጠን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ መሬት ነው። በአቃቂና በዱከም በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ በውኃ የታፈነ ሥርም ናይትሮጅን ያጣ ስለሚመስል፣ ማጠንፈፊያ ካልተሠራለት አዳቃዩ የሚመርጠው ለሌላ ችግር ይሆናል።

ማሳው ለሁለት ወይም ለሦስት ወቅት ያለ ማዳበሪያ በቆሎ ወይም አጃ በጥቅጥቅ ይዘራበት፤ አገዳውና ገለባው ሁሉ ተነቅሎ ይወጣ። ባቄላም ሆነ ሌላ ጥራጥሬ አይዘራበት፣ ከብትም አይደርበት። ማሳው ተርቧል የሚባለው ያለ ናይትሮጅን የሚገኘው ምርት ጥሩ ማዳበሪያ ካገኘው ጎን ማሳ ምርት ወደ ሩብ ወይም ወደ ሲሶ ሲወርድ ነው። ከዚያ በላይ ከቀረ ልዩነቱ አይታይም፤ ከዚያ በታች ከወረደ ደግሞ ሁሉም ስለሚመክን የሚመረጥ አይኖርም።

ሌላው ንጥረ ነገር ግን መሟላት አለበት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ችግር ብቻ ነው የሚፈተነው። በገበያ ላይ የሚገኘው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው በተራበው ማሳ ላይ ሳይታሰብ ቢጨመር ሙከራውን ያበላሸዋል፤ ፎስፈረሱ ናይትሮጅን ከሌለበት እንደ ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት ካለ ማዳበሪያ ይምጣ። ከጎኑ ደግሞ ተመሳሳይ ዝርያዎች ሙሉ ማዳበሪያ አግኝተው የሚዘሩበት መደብ ይኑር። ለድህነት ብቻ የተመረጠ በቆሎ ዝናብና ማዳበሪያ የተገኘ ዕለት ምላሽ ሊነፍግ ይችላልና፤ ገበሬ ደግሞ ዩሪያ ባገኘበት ዓመት ከዘሩ ጥቅም ይጠብቃል።

መምረጥ

ከ500 ካሬ ሜትር መሬት መነሣት ይቻላል። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ቢዘራ ከ2200 የማያንሱ ተክሎች ይቆማሉ። በከተማው ዙሪያ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት የተዘራ በቆሎ አበባው በአብዛኛው ነሐሴ ላይ ስለሚያርፍ፣ ኅዳር ላይ ውርጭ ሳይደርስበት ፍሬው እንዲጠነክር መዘግየት አያስፈልግም።

የማሳው አንዱ ጥግ ከሌላው የወፈረ መሆኑ የማይቀር ስለሆነ፣ ከመላው ማሳ ትልልቁን መምረጥ ማለት የወፈረውን ጥግ መምረጥ ማለት ነው። መፍትሔው ማሳውን በ20 እኩል ክፍሎች ከፍሎ ከእያንዳንዱ ክፍል እዚያው ካሉት ጎረቤቶቹ የተሻለውን ብቻ መውሰድ ነው። እያንዳንዱ ክፍል 25 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ 110 ገደማ ተክል ይኖረዋል፤ ከእያንዳንዱ 10 ቢመረጥ 200 ራስ በቆሎ ይገኛል። ከዚህ በጣም ያነሰ ከተወሰደ የዘር መቀራረብ ይመጣና ስብስቡ ከዙር ወደ ዙር ይዳከማል። የማሳው ዳርና በቆሎ የጎደለበት ቦታ ላይ ያለ ተክል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አይመረጥም፤ ያማረው ፀሐይና ምግብ ስለተረፈው ነው።

በተራበ ማሳ ላይ የትኛውን ማየት እንደሚገባ በደንብ ተጠንቷል። ዋናው በወንዴው አበባ መበተንና በሴቴው ጸጉር መውጣት መካከል ያለው የቀን ልዩነት ነው። የተራበ በቆሎ የወንዴ አበባውን በጊዜው አውጥቶ ጸጉሩን ያዘገያል፤ ጸጉሩ ሲወጣ ብናኝ ስለሚያልቅ የበቆሎው ራስ ሳይሞላ ይቀራል ወይም ጭራሹን ይመክናል። ልዩነቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን የማይበልጠው ተክል ምግቡን ለፍሬው የማካፈል ልማድ ያለው ነው። ቀጥሎ የሚታየው የታችኛው ቅጠል መድረቅ ነው፤ ናይትሮጅን ሲያጥር ከታች ያሉት ቅጠሎች አስቀድመው ይደርቃሉ፣ ለምለም ሆነው የሚቆዩት ፍሬው እስኪሞላ ይመግባሉ። ከአበባ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ የደረቀውን የቅጠል ድርሻ ከ0 እስከ 10 ነጥብ እየሰጡ መመዝገብ በቂ ነው። በመጨረሻም በተክል የሚያዘው የራስ ብዛትና የፍሬው ክብደት ይመዘናል። የቅጠሉን ጥቁርነት ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ገለባ ነው።

ደካሞቹ ብናኝ ሳይበትኑ የወንዴ አበባቸው ቢቆረጥ ምርጫው በእናትም በአባትም በኩል ስለሚሆን ዙሩ ሁለት እጥፍ ይፈጥናል። ነገር ግን ማሳው ከሌላ በቆሎ መራቅ አለበት፤ በትንሹ 200 ሜትር፣ ካልሆነም የአበባው ጊዜ በሦስትና በአራት ሳምንት እንዲለያይ። ለእሸት ሁሉም በየጓሮው በቆሎ በሚዘራበት በከተማ ዳርቻ ይህን ርቀት ማግኘት ከባድ ነው። የተሻለው ዘዴ በዙሪያ ላሉት ጎረቤቶች የዚያኑ የስብስቡን ዘር ቀድሞ ማደል ነው፤ የእነርሱም ብናኝ ቢመጣ ከዚያው ዘመድ ይመጣል። በመንገድ ዳር ያለ ማሳ ደግሞ ነሐሴና መስከረም ላይ እሸቱ ለእሳት እንደሚያስጎመጅ ሁሉም ያውቃል፤ ምልክት የታሰረበት ራስ በተለይ ዓይን ይስባልና ምልክቱ በጉልህ ቀለም ባይሆን ይመረጣል።

ከሁለት ዙር በኋላ የዚህ ዘዴ ጥቅም ይቀንሳል፤ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የተመረጠ ራስ ለብቻው ይፈለፈልና ግማሹ ዘር ቁጥሩ በተጻፈበት ፖስታ ይቀመጣል፤ ግማሹ በ5 ሜትር ርዝመት መስመር፣ በተራበውም በጠገበውም ማሳ ላይ፣ በሁለት ድግግሞሽ ይዘራል። ጥሩ ሆነው የተገኙት የአንድ እናት ልጆች ሲታወቁ፣ የተቀመጠው ዘራቸው በሚቀጥለው ወቅት ይዘራና እርስ በርሳቸው ይዳቀላሉ። ዘር ከሙከራው ማሳ ስለማይወሰድ የደካሞቹ ብናኝ አይገባበትም።

ምርቱ ሲመዘን እርጥበቱ ይስተካከል። ዘግይቶ የደረሰው ውኃ ስለሚይዝ ከባድ ይመስላል። ክብደቱ ከ100 ላይ እርጥበቱ በመቶ ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር ይባዛል፣ በ87.5 ይካፈላል፤ 20 በመቶ እርጥበት ያለው 10 ኪሎ በቆሎ በ12.5 በመቶ ሲሰላ 9.14 ኪሎ ነው።

በእጅ ማዳቀል

ሁለት ወላጆችን ለማገናኘት ወይም አንድን ተክል በራሱ ለማዳቀል ጸጉሩ ከመውጣቱ በፊት የበቆሎው ራስ በትንሽ ሰም በተቀባ ወረቀት ይሸፈናል። አንድ ቀን የወጣ ጸጉር እንኳ የማንን ብናኝ እንደተቀበለ አይታወቅምና የዘገየ ተክል ይተው። ከማዳቀሉ በፊት በነበረው ቀን የራሱ ጫፍ በስለት ይቆረጣል፣ በማግሥቱ ጸጉሩ እኩል ሆኖ እንደ ብሩሽ ይወጣል። በዚያው ቀን ማታ የወንዴው አበባ በካኪ ፖስታ ይሸፈንና ግርጌው በክሊፕ ይያዛል፤ ሌሊቱን የቀድሞው የባዕድ ብናኝ ይሞታል። በማግሥቱ ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ፖስታው ዘንበል ተደርጎ ይራገፋል፣ ብናኙ በፍጥነት በጸጉሩ ላይ ይፈስሳል፣ ራሱም ወዲያው በዚያው ፖስታ ይሸፈናል። ፖስታው ላይ የእናትና የአባት ቁጥርና ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ፤ ቢክ በነሐሴ ዝናብ ይለቅቃል። በዙሪያችን ጤዛው እስከ ረፋድ ስለሚቆይ ከሦስት ሰዓት በፊት መጀመር ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ሥራው ከስድስት ሰዓት በፊት ቢያልቅ ይሻላል። የረጠበ ብናኝ ይፈነዳል እንጂ አያዳቅልም።

አሲዳማ አፈር

በሆለታና በመናገሻ በኩል ያለው ቀይ አፈር ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነድነዋል፤ ሥሩም ፎስፈረስና ውኃ ፍለጋ መሄድ ያቆማል። አንዳንድ በቆሎ ከሥሩ ጫፍ ሲትሬት የተባለ አሲድ አፍስሶ አሉሚኒየሙን ስለሚያስር አይጎዳም። ለመለየት ትልቅ ማሳ አያስፈልግም፤ የዚያው አፈር ግማሽ በግብርና ኖራ ታክሞ፣ ግማሹ እንዳለ ሆኖ በፕላስቲክ ኩባያ ይሞላ፤ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ (ከአንድ እናት ልጆች) ጥቂት ዘሮች በሁለቱም ይዘሩና ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ታጥቦ የዋናው ሥር ርዝመት ይለካ። ባልታከመው አፈር ሥሩ ያላጠረበት ቤተሰብ ይያዛል። ይህ ማጣሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የመጨረሻው ምዘና ኖራ በተደረገበትና ባልተደረገበት ማሳ ነው።

አቀንጭራ ያለበት አገር

የአቀንጭራው ፈተና አረሙ ቀድሞ ባለበት ቦታ፣ ከአካባቢው የምርምር ማዕከልና ከገበሬዎቹ ጋር ተስማምቶ ይካሄዳል። የአረሙን ዘር አዲስ አበባ ዙሪያ አምጥቶ በዕቃ ውስጥ መሞከር የሚያስብ ሰው ሐሳቡን ይተው፤ ዘሩ ከልብስና ከጫማ ጋር ይሄዳል፣ ከዚህ የሚወጣው መኪና ደግሞ አዳማና መተሐራ ይደርሳል። ከሙከራው ማሳ ሲወጡ ጫማና መሣሪያ እዚያው ይታጠብ፣ የተመረጠው በቆሎ እዚያው ይፈልፈል፣ በደቃቅ ወንፊትም ይነፋ፤ አገዳና የማሽላ ራስ አይጫን።

ተፈጥሯዊው ብክለት በማሳው ውስጥ ቦታ ቦታ እየመረጠ ስለሚበዛ ያሳስታል፤ አንዱ መስመር ከአረም የዳነው ተከላካይ ስለሆነ ሳይሆን አረሙ እዚያ ስላልነበረ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ሆን ብሎ መበከል ነው። ከዚያው አካባቢ፣ በተለይ ከበቆሎ ላይ የተሰበሰበ የአቀንጭራ ዘር ለስድስት ወር ያህል በደረቅ ቦታ ይቆያል፤ ከዚያ በክብደት 1 እጅ ከ99 እጅ ከተነፋ ደቃቅ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። በየጉድጓዱ በአንድ ዓይነት ማንኪያ፣ ሺዎች የሚበቅሉ ዘሮች የያዘው ድብልቅ ይጨመርና በቆሎው ከላዩ ይዘራል። የተበከለው መስመር ትይዩ፣ መተላለፊያ ተትቶ፣ ያው ዝርያ ባልተበከለ መስመር ይቆማል፤ የሁለቱ ምርት ልዩነት የጉዳቱ ልክ ነው። ናይትሮጅን በሄክታር ከ30 ኪሎ አይበልጥ፤ ይህ በዩሪያ ሲሰላ 65 ኪሎ ገደማ፣ ለ500 ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ከሩብ ነው። ከዚያ በላይ አረሙን ያዳክመዋል። በየ10 መስመሩ በጣም የሚጎዳ አንድ ዝርያና ተከላካይነቱ የታወቀ አንድ ዝርያ ለማመሳከሪያ ይግባ። ሌላው አረም በእጅ እየተነቀለ አቀንጭራው ብቻ ይተው፤ ኩትኳቶ ገና ያልወጣውን አቀንጭራ ስለሚቆርጥ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ አይደረግ።

ከተዘራ በ8ኛውና በ10ኛው ሳምንት የወጣው አቀንጭራ ይቆጠራል፣ በቆሎውም ከ1 እስከ 9 የጉዳት ነጥብ ይሰጠዋል፤ 1 ጤነኛ፣ 9 ቅጠሉ የነደደና ራስ ያላወጣ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ማንበብ ስሕተት ነው። 40 አቀንጭራ በመስመሩ ላይ ቆሞ ጉዳቱ 3 የሆነ በቆሎ አረሙን ይችላል እንጂ አይከላከልም። 5 አቀንጭራ ብቻ ወጥቶበት ጉዳቱ 7 የሆነው ደግሞ ከመሬት በታች በተጣበቁት እየተመጠጠ ነው፣ ወይም ሥሩ ከመነሻው ደካማ ነው። የሚያዘው በሁለቱም ዝቅተኛ የሆነውና ባልተበከለው መስመር ላይም ጥሩ ያፈራው ነው፤ እንደዚህ ያለ ቤተሰብ ካልተገኘ፣ አረሙን በሚገባ የሚከላከለው ከሚችለው ጋር በሚቀጥለው ዙር ይዳቀላል። ቆጠራው እንዳለቀ አቀንጭራው ዘር ሳያራግፍ ተነቅሎ ይቃጠል።

የተሻለው ዝርያ ገበሬው እጅ ሲገባ እንኳ ብቻውን እንደማይበቃ ከጅምሩ መነገር አለበት። በመካከሉ ቦሎቄ ወይም አኩሪ አተር፣ ፍግ፣ ከአበባ በፊት የሚደረግ ነቀላ፣ በተቻለበት ቦታም ዴስሞዲየም የሚባለው የመኖ ተክል አብረው ካልሄዱ አረሙ አዲሱን ዝርያም በጊዜ ብዛት ይለምደዋል፤ አቀንጭራ ራሱ እርስ በርሱ የሚዳቀልና ብዙ ዓይነት ዘር ያለው ነውና።

ዘሩን ማቆየትና ማብዛት

ከየዙሩ የተገኘው ስብስብ ዘር በሁለት ይከፈል፤ አንዱ ለቀጣዩ ዙር፣ ሌላው እንደ መጠባበቂያ። እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ በጥላ ተደርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ወይም በታሸገ ጀሪካን ይቀመጥ። የደጋው ብርድ በዚህ ረገድ አዳቃዩን ይጠቅመዋል፤ በቆላ ዘሩን የሚያበላሸው ነቀዝና ሙቀት እዚህ ዝግ ይላልና፣ በአቀንጭራ አገር የተመረጠው ስብስብ መጠባበቂያው ሆለታ ወይም ሰበታ ቢቀመጥ ይሻላል። ፖስታው ላይ የዙሩ ቁጥር፣ ዓመቱ፣ የተመረጠበት ቦታና የራሶቹ ብዛት ይጻፍ።

ሁለትና ሦስት ዙር አልፎ የተገኘው ስብስብ ከመነሻው ስብስብና በአካባቢው ከሚዘራው ዝርያ ጋር ጎን ለጎን፣ በብዙ ገበሬዎች ማሳ ላይ ይፈተን። ዘሩን በዝርያ ስም ለገበያ ማቅረብ የሚቻለው በብሔራዊ የዝርያ ምዘና አልፎ ሲመዘገብ ነው፤ ከመጀመሪያው ማዳቀል እስከዚያ ድረስ 8 እስከ 10 ዓመት መገመት ተገቢ ነው። ለምዝገባ የሚቀርበው ዘር ከየራሱ እኩል ፍሬ ተወስዶ ይደባለቅ፤ ከትልልቆቹ ራሶች ብዙ፣ ከትንንሾቹ ጥቂት ከተወሰደ ስብስቡ በተመረጠበት ልክ አይቆይም።